ዓረብ ብረት ወይስ አሉሚኒየም? ብስክሌት ለመግዛት ላሰበ ወገን

«ሩጫውን ተወው፤ ጉልበትህን ይጨርሰዋል። ዋና ወይም ብስክሌት ሞክር።» ይህን ምክር ከሐኪሙ ያልሰማ፣ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሐበሻ አትላንታ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ እየሆነ መጥቷል። ስኳሩ አለ፤ ደም ግፊቱ አለ፤ በታክሲ መሪ ላይ ወይም በመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ መዋል ያመጣው የወገብ ሕመም አለ። ዋናውን እንተወው፤ ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ከውሃ ጋር ያለው ወዳጅነት ከጠበል እምብዛም አያልፍም። የሚቀረው ብስክሌት ነው።

ብስክሌት ሱቅ የገባ ወገናችን ግን ከዋጋው ቀጥሎ አንድ ግራ የሚያጋባ ጥያቄ ይጠብቀዋል። «ስቲል ነው ወይስ አሉሚኒየም የምትፈልገው?» ይሉታል። መልስ ፍለጋ ወደ ወዳጆቹ ቢሄድ ነገሩ ይብስበታል። አንዱ «አሉሚኒየም አጥንት ያንገጫግጫል፣ እንደ ብረት የሚመች የለም» ይለዋል። ሌላው «ብረትማ የአባትህ ዘመን ነው፤ ከባድ ነው፣ ይዝጋል» ይለዋል። ሦስተኛው ደግሞ አሉሚኒየም እንደ ብርጭቆ በድንገት ይሰበራል ብሎ ያስፈራራዋል። ሁሉም ሲናገሩ የዓይን ምስክር ይመስላሉ።

ለመሆኑ እውነቱ የቱ ጋ ነው? ጉዳዩ ተራ የሸማች ወግ እንዳይመስልዎ። በአንድ በኩል ሠርተው ያጠራቀሙት ጥቂት መቶ ዶላር አለ። በሌላ በኩል ደግሞ በስቶን ማውንቴን ፓርክ ዙሪያ ያለውን ቁልቁለት በሰዓት ሠላሳ ማይል ሲወርዱ ከሥርዎ ያለው ቱቦ ከምን እንደተሠራና በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ማወቅ የአንገት ጉዳይ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናንሣ። እኛ ለብስክሌት እንግዶች አይደለንም። ጣሊያን ትቶልን ከሄደው ነገር አንዱ የብስክሌት ቋንቋ ነው። ቸርኬው፣ ከመነዳሪው፣ ካምቢዮው፣ ጎሚስታው ሁሉ የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ቴላዮ የምንለውም እንዲሁ፤ ጎማው፣ ኮርቻው፣ መሪውና ፔዳሉ ሁሉ የሚታሰርበት የቱቦ አጽም ማለታችን ነው። አገራችን በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰለፈችበት በ1956 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ወደ ሜልበርን ከሄዱት 12 ስፖርተኞች መካከል ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባህታና ኃይሉ ፋና ብስክሌተኞች ነበሩ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ይህን የማያውቅ ወጣት ብዙ ነው፤ የሚነግረውም ጥቂት ነው።

በእነ ገረመው ዘመን የውድድር ብስክሌት ማለት ዓረብ ብረት ማለት ነበር። የእንግሊዙ ሬይኖልድስ ከ1935 ጀምሮ «531» በሚል ቁጥር ያወጣው፣ ማንጋኒዝና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ቱቦ፣ እንዲሁም የሚላኑ ኮሎምቡስ ቱቦዎች ዓለምን ለብዙ ዓመታት ገዝተዋል። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ግን ከሥሩ የነበረው ብረትም አሉሚኒየምም ሳይሆን ካርቦን ነበር። በመካከሉ አሉሚኒየም ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነግሦ አለፈ። በ1998 ማርኮ ፓንታኒ ቱርን ያሸነፈው በአሉሚኒየም ቢያንኪ ነው። እዚህ አትላንታ በ1996፣ ፋጡማ ሮባና ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ባስፈነደቁን ሰሞን፣ የብስክሌቱ ውድድር በባክሄድ ጎዳናዎች ላይ ሲካሄድ፣ የተራራ ብስክሌት ደግሞ በኦሊምፒክ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በኮንየርስ ታይቷል። ብረትና አሉሚኒየም በየሱቁ የተፋጠጡትም በዚያ ዘመን ነበር። ካርቦኑን ለዛሬ እንተወው፤ ዋጋውም ጠባዩም ሌላ ነው።

አሁን ወደ ማዕድኑ እንግባ። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ዓረብ ብረት 7.85 ግራም ገደማ ይመዝናል። ያንኑ ያህል አሉሚኒየም 2.7 ግራም ነው፤ አንድ ሦስተኛ በሉት። «ታዲያ ምን ያጠያይቃል፣ ቀላሉን እገዛለሁ» እንዳይሉ፣ የአሉሚኒየም ግትርነትም እንዲሁ የብረት አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው። ማለትም በውፍረትም በስፋትም እኩል የሆኑ ሁለት ቱቦዎች፣ አንዱን ከብረት ሌላውን ከአሉሚኒየም ሠርተን እኩል ብንጫናቸው፣ አሉሚኒየሙ ሦስት እጥፍ ይለመጣል። በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ የተሠሩት እንደ ጣሊያኑ አላንና እንደ ፈረንሣዩ ቪቱስ ያሉ ቀጫጭን የአሉሚኒየም ብስክሌቶች ይህ ጠባይ ነበራቸው። ቀላል ነበሩ፣ ምቾትም ነበራቸው፤ ከባድ ሰው ሲረግጣቸው ግን ወገባቸው ይወዛወዝ ነበር።

መላውን ያመጡት አሜሪካውያን ናቸው። በሰባዎቹ ዓመታት ጌሪ ክላይን የተባለ የኤም.አይ.ቲ. ሰው፣ ቀጥሎም በ1983 ካኖንዴል የተባለው ኩባንያ፣ ቱቦውን አወፈሩት። የቱቦ ግትርነት ከስፋቱ ጋር በእጥፍ ብቻ የሚጨምር አይደለም። የግድግዳው ውፍረት ሳይለወጥ የቱቦው ስፋት እጥፍ ቢሆን ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ ግትርነቱ ግን ስምንት እጥፍ ነው። መቃ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ምሥጢርም ይኸው ነው፤ ውስጡ ባዶ፣ ዙሪያው ሰፊ። ስለዚህ አሉሚኒየም በተፈጥሮው ልል ቢሆንም፣ ከአሉሚኒየም የተሠራው ወፍራም ቱቦ ከቀጭኑ የብረት ቱቦ ይበልጥ ግትር ሆነ። ሰዎች «አሉሚኒየም ይደርቃል» የሚሉት እንግዲህ ስለ ማዕድኑ ሳይሆን ስለ ቱቦው ስፋት ነው። የመጀመሪያዎቹን ወፍራም ብስክሌቶች ነድተው የተማረሩ ሰዎች ያወሩት ወሬ እስከ ዛሬ ከአፍ አፍ ይዞራል።

ምቾቱን በተመለከተ ይህ ጸሐፊ ከሻጮቹ ጋር አይስማማም። ቴላዮ በመሠረቱ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች የተጋጠሙበት ነገር ነው። ቤት የሠራ ሰው ካፕሪያታ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የጣሪያውን ሸክም የሚችለው ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ነው። ብስክሌቱም ከላይ ወደ ታች ሲጫኑት እንደዚያው ነው፤ ብረትም ይሁን አሉሚኒየም እምብዛም አይለመጥም። ወደ ጎን ሲገፉት ልዩነቱ ይታያል፤ ከላይ ወደ ታች ግን ከሥርዎ ያለው ጎማ በብዙ ሚሊ ሜትር ሲሰምጥ የቴላዮው ድርሻ ከዚያ ትንሽ ክፍልፋይ ነው። ቀጥሎ የሚለመጠው ኮርቻው፣ የኮርቻው ዘንግ፣ መሪውና የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ነው።

ታዲያ የድሮው ብረት ብስክሌት ለምን ይመቻል? እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ይመቻል። ምክንያቱን በቴላዮው ብቻ መፈለግ ግን ስሕተት ነው። ሹካው ቀጭንና ወደ ፊት የታጠፈ ነው። የኮርቻው ዘንግ ቀጭን ነው። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ረዘም ይላል። ከሁሉም በላይ ለወፍራም ጎማ የሚሆን ቦታ አለው። ያንኑ ብረት ብስክሌት 23 ሚሊ ሜትር ጎማ አግባበት፣ እስከ መቶ ሃያ ፓውንድ ድረስ ንፋው፤ ከዚያ በሞርላንድ ጎዳና ላይ ንዳውና ስለ ብረት ምቾት ደግመህ ንገረኝ! አሉሚኒየሙን ደግሞ 32 ወይም 35 ሚሊ ሜትር ጎማ አልብሶ፣ አየሩን ለክብደት በሚስማማ መጠን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። እንዲህ ሲሆን የቱ ብረት የቱ አሉሚኒየም እንደሆነ ዓይኑን ጨፍኖ የሚለይ ሰው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ለወገቡ ብሎ የሚገዛ ሰው መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ብስክሌት ስንት ሚሊ ሜትር ጎማ ይይዛል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ቁመቱ ይስማማኛል ወይ የሚለው ነው። የቴላዮው ማዕድን በሦስተኛነት ይመጣል። ብዙው ወገናችን ግን ከሦስተኛው ይጀምርና የመጀመሪያውን ሳይጠይቅ ከፍሎ ይወጣል። በአንድ ወር ውስጥ ብስክሌቱ በረንዳ ላይ ቆሞ ልብስ ማስጫ ይሆናል።

ጥንካሬው ላይ ግን ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር። ሽቦን ወዲያና ወዲህ ደጋግመን ስናጥፈው የሚበጠሰው ጉልበታችን በዝቶ ሳይሆን ማዕድኑ ስለሚደክም ነው። መሐንዲሶች ይህን ድካም ብለውታል። ዓረብ ብረት አንድ ወሰን አለው፤ ጫናው ከዚያ ወሰን በታች ከሆነ ሚሊዮን ጊዜም ቢለመጥ አይደክምም ማለት ይቻላል። አሉሚኒየም ይህ ወሰን የለውም። እያንዳንዱ ጉድጓድ፣ እያንዳንዱ የፔዳል ምት ትንሽም ቢሆን ከሒሳቡ ይቀነሳል። «ብረት ዕድሜ ልክ፣ አሉሚኒየም ጊዜያዊ» የሚለው አባባል የመጣው ከዚህ ነው።

ይሁንና ወሬው በዚህ ካበቃ ጎዶሎ ነው። ብስክሌት ሠሪው ይህን ጠባይ ስለሚያውቅ ቱቦውን ያወፍረዋል፣ በብየዳው ዙሪያ ማዕድን ይጨምራል፤ ሒሳቡ ከማለቁ በፊት ብዙ ዓመት እንዲያልፍ አድርጎ ይሠራዋል። ለምሳሌ በ1997 «ቱር» የተባለው የጀርመን የብስክሌት መጽሔት 12 ውድ ቴላዮዎችን በማሽን አስሮ በተደጋጋሚ ጫና አስፈትኖ ነበር። እስከ መጨረሻው ሳይሰበሩ የቆዩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ አሉሚኒየም፣ አንዱ ካርቦን። ቀለል ተደርገው የተሠሩት ብረቶች ተሰነጠቁ። የብረት ወዳጆች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ነገር ግን የሚያስተምረው ግልጽ ነው። የሠሪው አእምሮ ከማዕድኑ ስም ይበልጣል።

ብረት የማይሸነፍበት ሜዳ ሌላ ነው፤ መጠገኑ ነው። የብረት ቴላዮ ቢጣመም ብዙውን ጊዜ ሊቃና ይችላል። ቢሰነጠቅ በያጅ ይበይደዋል፤ ቱቦው እንኳ ተቆርጦ በሌላ ሊተካ ይችላል። አሉሚኒየም ግን ጥንካሬውን ያገኘው ከእሳት ነው። 6061 የሚባለው ዓይነት ከተበየደ በኋላ በምድጃ ገብቶ፣ ግሎ፣ ወዲያው ቀዝቅዞ፣ እንደገና ለሰዓታት በመጠነኛ ሙቀት ይቆያል። አንድ በያጅ መንገድ ዳር ቢበይደው የብየዳው አካባቢ ይልላል፤ ላዩ ያማረ ይመስላል፤ ጥንካሬው ግን ሄዷል። አሉሚኒየም ተጣሞ ማቃናትም እንዲሁ አይመከርም። በአጭሩ፣ የተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ቴላዮ ለአብዛኛው ሰው ያለቀ ዕቃ ነው።

ስለ ዝገትም እንነጋገር፤ ጆርጂያ ውስጥ ነንና። የአትላንታ በጋ እንደ እንፋሎት ቤት ነው። ብረት ብስክሌት ከአፓርታማ በረንዳ ላይ ነጎድጓዳማ ዝናብ እየወረደበት ሲከርም ከላይ ያለው ቀለም ደህና ቢመስልም ውስጡ ይዝጋል፤ ውሃ በኮርቻው ቀዳዳ ገብቶ ፔዳሉ በሚዞርበት መሃለኛ ቤት ውስጥ ይጠራቀማል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። በዓመት አንዴ የኮርቻውን ዘንግ አውጥቶ ውስጡን በዘይት መርጨትና ሲቻል ቤት ውስጥ ማቆም ይበቃል። አሉሚኒየም ላዩ ላይ በሚፈጠረው ስስ ሽፋን ራሱን ስለሚጠብቅ እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያውቅም፤ ቢሆንም የላብ ጨው ብሎኖቹ ሥር ገብቶ ይበላዋል።

ሁለቱ ማዕድናት ሲጋቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንድ የዲኬተር ወዳጄ ከጋራዥ ሽያጭ በስድሳ ዶላር አንድ የሚያምር የጃፓን ብረት ብስክሌት ገዛ። ቁመቱን ሊያስተካክል ሲል የኮርቻው ዘንግ አልንቀሳቀስ አለ። ዘንጉ አሉሚኒየም፣ ቴላዮው ብረት፤ በመካከላቸው ላብና ዝናብ ገብቶ ለዓመታት ተጣብቀዋል። ሁለታችን በፒንሳ፣ በመዶሻ፣ በዘይት ሁለት ሰዓት ታገልነው። በመጨረሻ ዘንጉ በመጋዝ ተቆርጦ ወጣ። ለዚህ ሁሉ ጣጣ መከላከያው ሲገጥሙት የአንድ ጣት ግራሶ መቀባት ነበር። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት ኮርቻውም መሪውም ከፍና ዝቅ ማለታቸውን ያረጋግጥ።

ከጋራዥ ሽያጭ የሚገዛ ሰው ማዕድኑን እንዴት ይለያል? የፍሪጅ ማግኔት በኪስ ይዞ ይሂድ፤ ያ የእንጀራ ቤት ስልክ የተጻፈበትም ቢሆን ይሠራል። ቱቦው ላይ ከተጣበቀ ብረት ነው፤ ከወደቀ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ብረት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። «ክሮሞሊ» ወይም «4130» የሚል ጽሑፍ፣ ወይም የሬይኖልድስ፣ የኮሎምቡስ፣ የታንጌ ምልክት ካለበት ጥሩ ብረት ነው። «ሃይ ቴን» ከሚል ርካሽ ብረት የተሠራውና ከትልልቅ መደብሮች የሚወጣው ደግሞ ከ35 ፓውንድ በላይ ሊመዝን ይችላል። ክላርክስተን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖርና በየቀኑ በደረጃ ተሸክሞ ለሚወጣ፣ ከዚያም በማርታ ባቡር ለሚሄድ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ለእንዲህ ያለው ሰው አሉሚኒየም እመክራለሁ፤ በእኩል ዋጋ ቀለል ያለውንና ዝናብ የማይፈራውን ያገኛል። ከስሚርና ተነሥቶ እስከ አላባማ ድንበር 61.5 ማይል በሚዘልቀው በሲልቨር ኮሜት መንገድ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚንሸራሸር ግን መንገዱ የድሮ የባቡር ሐዲድ ስለነበረ ሜዳ ነው፤ ሁለት ሦስት ፓውንድ ልዩነት አይሰማውም። ጥሩ ክሮሞሊ ካገኘ ይውሰደው።

አሁን ወደ አንገቱ ጉዳይ። አሉሚኒየም እንደ ብርጭቆ በድንገት ይሰበራል የሚለው የተጋነነ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ይናገራል፤ እኛ ነን የማንሰማው። ልዩነቱ፣ ስንጥቁ ከተጀመረ በኋላ ብረት ቀስ ብሎ ሲሄድ አሉሚኒየም ይፈጥናል። ስለዚህ በወር አንዴ ብስክሌቱን በነጭ ጨርቅ ይጥረጉትና በብርሃን ይመልከቱት። ከመሪው አንገት ሥር፣ በተለይ ወደ ታች የሚወርደው ወፍራም ቱቦ የተበየደበት ቦታ፤ ፔዳሉ የሚዞርበት ቤት ዙሪያ፤ የኮርቻው ዘንግ የሚታሰርበት አፍ፤ የኋላው ጎማ የሚገባበት ጫፍ። ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካዩ፣ በጥፍር ሲነኩት ከያዘ፣ ወይም ትናንት ያልነበረ የሲጥሲጥታ ድምፅ ከሰሙ፣ ሐኪሙ ያዘዘው ስፖርት ለዚያን ቀን ቀርቷል። ብስክሌቱን አቁመው ለባለሙያ ያሳዩ። «እስከ ቤት ያደርሰኛል» ማለት የለም።

አንድ የሚዘነጋ ነገር ልጨምር። ቴላዮው ብረት ቢሆንም መሪው ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። መሪ ሲሰበር ሰውየው በፊቱ ነው የሚወርደው። ክፉኛ የወደቀ ወይም መኪና የገጨው ብስክሌት መሪው ቀጥ ያለ ቢመስልም ይቀየር፤ ከጥርስ ሐኪም ክፍያ ጋር ሲወዳደር መሪ ርካሽ ነው።

ጥቂት አንባቢዎች ደግሞ ለራሳቸው ሳይሆን አገር ቤት ላለ የወንድም ወይም የእኅት ልጅ ሊልኩ የሚያስቡ ይኖራሉ። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳ ስለሆኑ ብስክሌት የኑሮ ዕቃ ነው፤ አዲስ አበባም በ2024 በጀመረችው የኮሪደር ሥራ የብስክሌት መስመር አስምራለች። ለዚህ ጉዳይ ይህ ጸሐፊ አያመነታም፤ ብረት ይላኩ። እዚያ ብስክሌት አንድ ሰው ብቻ አይጫንበትም፤ ከኋላ ታናሽ ወንድም፣ ከፊት ጆንያ ይኖራል። አንድ ቀን ቴላዮው መሰንጠቁ አይቀርም፤ ያን ጊዜ በየሠፈሩ ያለው በያጅ በግማሽ ቀን ሠርቶ ይመልሰዋል። አሉሚኒየም ከሆነ ግን ያው በያጅ ደፍሮ ይሞክረዋል፤ ልጁም አምኖ ይነዳዋል፤ አደጋው እዚያ ላይ ነው።

ካምቢዮው የበዛ፣ ሹካው ሞላ ያለው፣ ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ አይምረጡ፤ ዕቃው ሲያልቅ መለዋወጫው ይቸግራል። በሽቦ የሚሠራ ፍሬንና ባለ 26 ኢንች ጎማ ከሆነ ከአገር ቤት ሱቅም ሊገኝለት ይችላል። ሲያሽጉት የኮርቻውን ዘንግ ግራሶ ይቀቡት፤ ፔዳሎቹን ፈትተው ለየብቻ ይጠቅልሉ፤ የግራው ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒ አቅጣጫ መሆኑን አይርሱ። በካርቶኑ ክፍት ቦታ ውስጥ ሦስት አራት ከመነዳሪ፣ አንድ ካቴናና የፍሬን ሽቦ ይጨምሩበት።